ማስተካከያ፦ «ዊዳል ፖዘቲቭ» ብቻውን ታይፎይድ አያረጋግጥም

ሰሞኑን በቴሌግራም ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ «ዊዳል ፖዘቲቭ ከሆነ ታይፎይድ ነው፣ ካልቸር ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ስህተት ነው። ዊዳል ለታይፎይድ የሚሠራ ፈጣን የደም ምርመራ ነው፤ ካልቸር ደግሞ ባክቴሪያውን ከታማሚው ደም አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ ነው።

ዊዳል ታይፎይድ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያን ለመከላከል የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ድሮ ታሞ በዳነ፣ በተከተበ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ባለበት ሰውም ላይ ሊገኝ ይችላል። ታይፎይድ እንደ እኛ አገር በብዛት ባለበት ቦታ፣ አንዴ የተሠራ ዊዳል ብዙ አያስተማምንም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎችና የማይክሮባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ለማረጋገጫ የሚያስቀድሙት የደም ካልቸርን ነው።

ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ አንዳንዱን ታማሚም ያመልጠዋል። ግን ዊዳል የማይነግረንን ይነግረናል። ከደሙ የበቀለው ባክቴሪያ ሳህን ላይ ይዘራል። አንቲባዮቲክ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ሰፊ ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ከበቀለ ግን መድኃኒቱን ተላምዷል። በየአገሩ የመድኃኒት መላመድ የሚታወቀው እንዲህ ያለው ውጤት ሲሰበሰብ ነው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ፒያሳ ወይም ጥቁር አንበሳ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ላብራቶሪ የገባ ሰው፣ በዊዳል ብቻ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ቢጀምር፣ ትክክለኛው ሕመም፣ ለምሳሌ ወባ፣ ሳይታከም ሊቆይ ይችላል። ያለቦታው የተዋጠ አንቲባዮቲክም ባክቴሪያን ያላምዳል።

ሐኪም ካልቸር ካዘዘ፣ ደሙ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይወሰድ። መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።