«ጎንበስ በሉ» ስንባል የጎነበስን

ባለፈው ጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ 12 ሰው እንዲጭን በተፈቀደለት ሚኒባስ ውስጥ 19 ሆነን ከደብረ ብርሃን ወደ ከተማችን እንመለስ ነበር። ወሩ የሠርግ ወር በመሆኑ መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል፤ መኪና ጠፍቷል፤ ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ሲጠይቅም የተከራከረው አልነበረም። ለእኔ የደረሰችኝ በሁለት ወንበሮች መካከል የተጋደመች ጣውላ ነበረች። ከ20 ዓመት በላይ ሥነ ዜጋ ያስተማርሁ፣ ከረባት ያሰርሁ ጡረተኛ በዚያች ጣውላ ላይ ተቀምጬ ቦታ በማግኘቴ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ብዙም ሳንርቅ ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገልን። ትርጉሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ትራፊክ አለ» ማለት ነው። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ «ትርፎች፣ ጎንበስ በሉልኝ» አለን። ጎነበስን። ሰባት ነበርን፤ አንገታችንን በጉልበታችን መካከል ቀብረን ትራፊክ ፖሊሱን አለፍነው። ከጎኔ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ለታቦት ያልሰገድነውን ለትራፊክ ሰገድን» ሲሉ መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ለቀቀው። እኛ የተወለድነውም ያደግነውም ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው ከዚያ ዋሻ ሥር ስለሆነ የመንገዱን ጉምም ጠመዝማዛም ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ በዜሮ መውረድ ምን እንደሚያስከትልም እናውቃለን። በከባድ ማርሽ የሚወርድን መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። በዜሮ የተለቀቀ መኪና ግን ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። በየለቅሶው ድንኳን «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» እያልን የምናወራለት ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ እኛው እምቢ ያሰኘነው ነው። በዚያ ላይ ሹፌሩ ከፊታችን የነበረውን ሚኒባስ ቀድሞ ገብቶ የመልስ ተሳፋሪ ለመጫን ተጣድፎ ነበር። ማንም «ቀስ በል» አላለውም። እኔ ደግሞ ቤቴ ቶሎ መድረሴን ነበር የማስበው።

ከተማው መግቢያ ላይ እንደ ወትሮው አንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቆሎ የሚሸጡት ልጆች መስኮቶቹን ከበዋል። ከእነርሱ አንዷ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ለአንድ ተሳፋሪ ቆሎ ብታቀብለው መቶ ብር ሰጣት፤ ዝርዝር አልያዘችም፤ አውቶቡሱ ሳይነሣ መልሱን ልታደርስለት ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ስትሮጥ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ብቅ አለች። እኛ በዚያው ቅጽበት የቆመውን አውቶቡስ በግራ በኩል እያለፍነው ነበር።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌር አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያልፍበታል፤ መኪናው መያዝ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቱ ከእኛ የነበራት ርቀት ከ5 ሜትር አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የመኪናው ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል የተገጨ እግረኛ የመሞት አደጋው 4 እጥፍ ተኩል ይሆናል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት ስደምርና ስቀንስ ነው። በዚያች ሰዓት የማውቀው ግንባሬ ከፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር መጋጨቱን ብቻ ነበር።

መኪናው ቆመ። «ልጅቱን አንሷት» የሚል ድምፅ ጠበቅሁ፤ ቀድሞ የተሰማው ግን «ትርፎች ውረዱ፣ ፖሊስ ሳይመጣ ውረዱ» የሚል ነበር። ረዳቱ ይሁን ከተሳፋሪው አንዱ፣ ማን እንደተናገረው አላየሁም። ወረድሁ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ፊቴን ወደ ሰዉ ሳላዞር፣ በታች በኩል ባለው መተላለፊያ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ስወርድ አስፋልቱ ላይ የተበተነውን ቆሎ ረግጫለሁ፤ ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰምቼዋለሁ። ሌሎቹም ስድስት እንዲሁ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ልጅቱ በባጃጅ ተጭና ጤና ጣቢያ ሳትደርስ አረፈች። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ተሳፋሪውን ሲቆጥር 12 ሆኖ አገኘው፤ 12 ተብሎም ተጻፈ።

ወገኖቼ፣ ይህች ቁጥር ቀላል እንዳትመስላችሁ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ ገዳዩ ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ወደሚደርስ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል። 12 ሰው ጭኖ ሰው የገጨ ሹፌርና 19 ሰው አጭቆ በዜሮ የለቀቀ ሹፌር በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እኛ ሰባታችን ነበርን። የሟቿን እውነት በሰባት ሰው ልክ ቀንሰን፣ በየጓዳችን ገብተን እራታችንን በላን።

የልጅቱ እጅ ሲፈታ መቶ ብሩ እንደታጠፈ ተገኘ። አውቶቡሱ ሄዷል፤ ባለ ብሩም ቆሎውን ይዞ አብሮ ሄዷል። ለእናቷ ሲሰጧት «የሰው ገንዘብ ነው፤ ባለቤቱ ይፈለግ» አለች። ባለቤቱ ከየት ይገኛል? በሦስተኛው ቀን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው። ሌሊቱን ቆሎ ቆልታ፣ ጠዋት በላስቲክ ቋጥራ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት የማታውቀውን መንገደኛ መቶ ብር በቤቷ ማሳደር ከበዳት። እኛ ግን የልጇን ደም በቤታችን አሳደርነው፤ እነሆ ወራት አልፈዋል፣ አሁንም አብሮን ያድራል።

ድንኳኑ ውስጥ የተባለውን ታስታውሳላችሁ? «ቀኗ ነው።» «እግዚአብሔር የፈቀደው ነው።» «ተጽፎባት ነው።» ማርሹን ዜሮ ያደረገው እግዚአብሔር ነው? ጣውላውን በወንበሮች መካከል ያጋደመው፣ ትርፍ የጫነው፣ በመብራት የጠቆመው፣ የሳቀው እርሱ ነው? በእጃችን የሠራነውን ወደ ሰማይ እየላክን እስከ መቼ እንኖራለን? «የዕለት ሞት» የምንለው ነገር በዚህች ትንሽ ከተማ ዓይናችን እያየ፣ በዚያው መታጠፊያ፣ አውቶቡሶች በሚቆሙበት በዚያው ቦታ ነው የሚደጋገመው። ዕለት እንዴት ሁልጊዜ ቦታ ይመርጣል? በመላው ዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ያልቃል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከማንም በሽታ አብልጦ የሚገድለውም ይኸው ነው። በእኛው አገር በታኅሣሥ 2017 ሲዳማ ውስጥ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ሁላችንም ደረታችንን ደቅተን አልቅሰን ነበር። በጭነት መኪና ሠርገኛ ተጭኖ ስናይ ግን ዛሬም እልል እንላለን።

መዘጋጃ ቤቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔም እወቅሰዋለሁ። ከተማችን መንገዱን ተከትላ የበቀለች ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ከላይ፣ ገበያው ከታች፣ በመካከላቸው ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለሰው ሲኖትራክና አውቶቡስ ሁሉ የሚያልፍበት አስፋልት። አውቶቡሶች ከአስፋልቱ ወጥተው የሚቆሙበት፣ ልጆቹም መንገድ ሳይሻገሩ የሚሸጡበት አንድ ሜዳ ቢከለል፣ ከመግቢያው በፊት ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ቢሠራ፣ ወጪው የከተማዋን በጀት የሚያናጋ አይመስለኝም። ይህን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የተናገረ ሰው ግን ከመካከላችን አላየሁም። ስብሰባ የምንወጣው ስለ አበል ሲሆን ነው።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ከአርባዋ በኋላ ሽምግልና ተቀመጠ። የሹፌሩ ቤተሰብ ለእናቲቱ ካሳ ሊሰጥ፣ እርሷም «ይቅር ብያለሁ» ልትል፣ ምስክሮችም ነገሩን እንዲያላሉ ተፈለገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንድሆን የተላከብኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ፤ መምህር ነኝ፣ ሰው ያከብረኛል፣ ሹፌሩንም 9ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ እንደነበርሁ የሚያውቅ አልነበረም። ማለት፣ ከአንድ ሰው በቀር። ሹፌሩ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ድንጋይ እንደተሸከመ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አወቀኝ። ሊናገር ይችል ነበር፤ እኔም ልናገር እችል ነበር። ሁለታችንም ጎነበስን።

እናቲቱ ብዙ አልተናገረችም። «እናንተ ካላችሁ» ብቻ አለች። የሕግ የበላይነት ምን እንደሆነ ለስንት ሺህ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁ ሰው፣ በቸልተኝነት የጠፋ ሕይወት በሽማግሌ ፊት እንደማያልቅ አሳምሬ የማውቅ ሰው፣ ተነሥቼ መረቅሁ። «አሜን» አላችሁ። ከዚያም ጠላ ቀረበ። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ዕድሜ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

በግንቦት ወር እንደገና ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስመጣ ያው መብራት ብልጭ አለ፤ ሌላ ረዳት ያንኑ ቃል ተናገረ። አልጎነበስሁም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ወገቤ እምቢ ስላለ ነው ብላችሁ ብታስቡ ይሻላል። ትራፊክ ፖሊሱ አየኝ፤ አስቆመ፤ ሹፌሩ ተቀጣ። መኪናው እንደተነሣ የወረደብኝ ስድብ ከሹፌሩ የመጣ አልነበረም፤ ከእናንተ፣ ከተሳፋሪዎቹ ነበር። «ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው?» አላችሁኝ። «ሰው እንጀራውን እንዳይበላ!» አላችሁኝ። ዋሻው ሳይደረስ አስወረዱኝና በጉም ውስጥ ቆሜ ሌላ መኪና ጠበቅሁ። ተናድጄ ነበር፤ ከቁጣዬ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ይህ ከጥሩ አደጋ በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ከሚሳደቡት አንዱ እሆን እንደነበር ማወቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄጄ «በዚያ ቀን 19 ነበርን» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ተረኛው መርማሪ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አዳመጠኝ። ከመዝገቡ ላይ 12 የሚለውን እያሳየኝ «አባ፣ ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ የእርስዎ ብቻ ቃል ምን ያህል ይመዝናል? ሌሎቹ ቢመጡ ነገሩ ሌላ ነበር» አለኝ። ልክ ነው። ስለ ራሴም ጠየቀኝ፤ ለምን እስካሁን ዝም እንዳልሁ። የምመልሰው አጣሁና የሽምግልናውን ነገር ነገርሁት። እርሱም ጻፈው። የሚያስጠይቀኝ ከሆነ ልጠየቅ።

እንግዲህ ሌሎቻችሁ ስድስት ናችሁ። ስማችሁን አላውቅም፤ ብታዩኝ ግን ታውቁኛላችሁ። ለታቦት ያልሰገዱትን ለትራፊክ የሰገዱት እናቴ፣ በሕይወት ካሉ ይምጡ፤ መሄድ ካቃተዎ እኔ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። ከኋላዬ ተቀምጠህ የነበርህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመጽሐፍ ቦርሳህን ራስህ ላይ አድርገህ የጎነበስኸው፣ አንተም ና። ሹፌሩን እንድትጠሉት አልፈልግም፤ እኔም አልጠላሁትም፤ ከእጃችን የወጣ ልጅ ነው። የምለምናችሁ አንድ ቁጥር እንድናቀና ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ሦስት ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ወጣት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያየኝ ብዙ ቆየ፤ ልነሣ ስል ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ። ያ ተማሪ መሰለኝ፤ ዓይኔ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በዚህኛውም ቅዳሜ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ።