የውሻው መቃብርና የሳባ ቤተ መንግሥት

በሰሜን ዌልስ ተራሮች መካከል ቤድጌለርት («የጌለርት መቃብር») የምትባል መንደር አለች። ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው የውሻ መቃብር ሊሳለም ነው ብል አላጋነንኩም። ወንዙን ይዞ ትንሽ እንደሄዱ ሜዳው ላይ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ታሪኩ በዌልስኛና በእንግሊዝኛ የተቀረጸበት ድንጋይ ይገኛል።

ታሪኩም እንዲህ ነው፦ በ13ኛው መቶ ዘመን ልዑል ልዌሊን ከአደን ሲመለስ የልጁ አልጋ ተገልብጦ፣ ውሻው ጌለርት አፉ በደም ተለውሶ ያገኘዋል። ልጄን በላብኝ ብሎ በሰይፍ ይወጋዋል። ውሻው ጮኾ ሲወድቅ ሕፃኑ ከአልጋው ሥር ያለቅሳል፤ አጠገቡ ጌለርት የገደለው ተኩላ ተጋድሟል።

ውሻው ግን ለመንደሩ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዴቪድ ፕሪቻርድ የተባለ ባለሆቴል ተረቱን ከመንደሩ ስም ጋር አቆራኘው፤ ድንጋዩን ያስተከሉትም እሱና ወዳጆቹ ናቸው ይባላል። የመንደሩ ስም የመጣው ኬለርት ከተባለ ጥንታዊ ቅዱስ ሳይሆን አይቀርም። ያው ተረት ሕንድ አገርም በሙጭልጭላና በእባብ ሲነገር የኖረ ነው። የኛ ተራች «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለው ለወጉ ነው፤ ፕሪቻርድ ግን ዳቦውን የምሩን በላ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ስፔንሰር ለተረቱ ግጥም ጻፈለት፣ የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን ግጥሙን ከዌልስ ዜማ ጋር አቀናበረው። ፕሪቻርድም ሲሞት መንፈሱ ተመልሶ ታየ ተብሎ ራሱ ተረት ሆነ። (ይበለው!)

ይህን ሁሉ የመንደሩ ሰው ያውቃል፣ አይደብቅምም። ድንጋዩን ግን የሚነቅል የለም።

እኔ ደግሞ አክሱም ያለው ዱንጉር የሚባለው ጥንታዊ ፍርስራሽ ትዝ አለኝ። አስጎብኚው «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይላል፤ አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሹ ከእርሷ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተሠራ ነው ይላሉ። ይህን በሐበሾች መካከል ያነሣ ሰው ቡናው ሳይቀዘቅዝ አገር ከሐዲ ይባላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ተረት ነው!» ብሎ ሁሉንም ጠራርጎ ይጥላል።

እርግጥ ስለ ውሻ መሳቅ ቀላል ነው። በሳባ ላይ ዘውድ ተደግፎ ኖሯል፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሳይቀር የንጉሡን ዘር ከእርሷና ከሰሎሞን ይቆጥር ነበር። ዌልሶችስ ቢሆን? ከቤድጌለርት አጠገብ ዲናስ ኤምሪስ የሚባል ኮረብታ አለ። ቀይና ነጭ ዘንዶ ከሥሩ ሲታገሉ ቀዩ አሸነፈ የተባለው እዚያ ነው። ያ ቀይ ዘንዶ ዛሬ ባንዲራቸው ላይ ነው። ዘንዶ በእርግጥ ነበረ ወይ ብሎ የተጣላ ዌልሳዊ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ባንዲራውን ያወረደም እንዲሁ።

ዱንጉር በር ላይ ሁለት ሰሌዳ ቢቆም ደስ ይለኛል፤ አንዱ ቁፋሮው ያወጣውን፣ ሌላው አያቶቻችን ያወሩትን የያዘ። አስጎብኚውም ሁለቱንም ይንገረን፣ ጉርሻውን እጥፍ እንሰጠዋለን።