ለክቡር ፔጅፋይል ዶት ሲስ፣ ሲ ድራይቭ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትናንት አራት ኪሎ ላይ በሰው ፊት ስላዋረዱኝ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? የዊንዶውስ ድብቅ ፋይል ሆነው ላፕቶፔ ውስጥ እንደሚኖሩ ያወቅኩት ገና ትናንት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሶስት ዓመት ሙሉ ሲ ድራይቭ ላይ ተቀምጠው አንድ ቀን እንኳን ቡና ጠጡ አላልኩዎትም።

ሰኔ ላይ ነን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን፣ አራት ኪሎ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። በሬ ላይ ሰባት ተማሪ ተሰልፏል፣ የፊተኛዋ ልጅ 11 ሰዓት ሳይሞላ ማስገባት አለባት፣ 112 ገጽ፣ ካርታና ፎቶ የታጨቀበት ዎርድ። ክሮም ክፍት ነው፣ ቴሌግራም ክፍት ነው (ፋይል የሚላክልኝ በሱ ነዋ)፣ የሌሎች ልጆች ሶስት ዎርድም አለ። የሷን ስከፍት ማውሱ ቀጥ አለ፣ የዲስኩ መብራት ብቻ ብልጭ ብልጭ፣ ከዛ ያቺ ሳጥን መጣች፦ ኮምፒውተርዎ ሚሞሪ አንሶታል፣ ፋይልዎን ሴቭ አድርገው ፕሮግራሞቹን ይዝጉ።

ሚሞሪ! እኛ ጋ ሚሞሪ ማለት ስልክ ውስጥ የምትገባዋ ጥፍር የምታክል ካርድ ናት። ሞላ ከተባለ ደግሞ ይጠፋል፣ ሌላ ምን ይደረጋል? እኔም ሰባት ሰው እያየኝ ዲ ድራይቭ ገብቼ ከባድ ከባዱን ጠራረግኩት፣ 40 ጊጋ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር፣ በኩራት ነው ደግሞ። ሳጥኗ ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ያጠፉት እኮ ስቶሬጅ ነው፣ የሞላው ራም ነው» አለችኝ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ በሽተኛ እንደምታጽናና። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እሷው ናት ታስክ ማናጀር ከፍታ ያስተዋወቀችን። ራም 4 ጊጋ (3.8ቱ ነው የሚሰራው፣ የቀረውን ግራፊክሱ ወስዶታል)፣ ዲስክ 100%፣ ኮሚትድ የሚለው 7.1 ከ7.3። ለካ ራም ጠረጴዛው ነው፣ እርስዎ መዝገብ ቤቱ። ጠረጴዛው ሲጠብ ዊንዶውስ ብዙም ያልተነካውን በ4 ኪሎባይት በ4 ኪሎባይት እየቆረጠ እርስዎ ጋ ይልከዋል፣ ሲፈለግ ደግሞ «ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው፣ ይጠብቁ»። ራም በናኖሰከንድ የሚመልሰውን የኔ ተሽከርካሪ ዲስክ በሚሊሰከንድ ነው የሚያመጣው፣ ወደ 100,000 እጥፍ ማለት ነው፣ ተላላኪው ሲመላለስ ዋለ ማለት ነው። 7.3 ደግሞ ራምና እርስዎ ተደምራችሁ ለፕሮግራሞቹ ቃል ልትገቡ የምትችሉት ጣሪያ ነው፣ ሲ ሞልቶ ስለነበር እርስዎም ማደግ አልቻሉም። ቃል ተገብቶ ቤቱ ከየት ይምጣ የሚለውን ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጅቷ ፍላሿን ነቅላ ሮጠች፣ ስድስቱም ተከተሏት።

ያጠፋሁት ምን እንደነበር ታውቃለህ? አዎ፣ አንተ ነው ያልኩህ። እናቴ ጃንሜዳ፣ የጥምቀት ለት፣ ነጠላዋን ስታስተካክል ያነሳኋት። ዘንድሮ የለችም። ቨርቿል ሚሞሪ የሚሉት ይሄ የጠረጴዛና የመዝገብ ቤት አሰራር ማንችስተር አትላስ የሚባለው ኮምፒውተር ላይ ከተሰራ ከ1962 ጀምሮ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ይሄን ሁሉ ዘመን «ራም ነው የሞላው፣ ፎቶህን አትንካ» የሚል አንዲት መስመር መጻፍ አቃታችሁ?

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ስሜት ነው። 8 ጊጋ ነው ብሎ 4 ለሸጠልኝ ነጋዴ ለብቻው እጽፍለታለሁ።

ማታ አንድ ጎረቤት «ፔጅፋይሉን አጥፋው፣ ይፈጥናል» አለኝ። አጠፋሁ፣ ጣሪያው 3.8 ሆነና ክሮምና ዎርድ አብረው አልቆም አሉ። እኔም እጄን ስሜ መለስኩዎት፣ እንዳይጠብዎትም ብዬ ካስለቀቅኩት ዲ ላይ አስቀመጥኩዎት፣ በሰፊው።

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ፋይል የሚመልስ ልጅ ጋ ወሰድኩት። «የጠፋ ፋይል በላዩ ካልተጻፈበት ይገኛል፣ ካጠፋህ በኋላ ዲ ላይ ያስገባኸው ነገር አለ እንዴ?» አለኝ።

ይህን የምጽፍልዎት ከስልኬ ነው። ላፕቶፑ እሱ ጋ ነው፣ እርስዎም አብረው። እባክዎ ክቡርነትዎ፣ ከተቻለዎት ጠጋ ይበሉ፣ እናቴ ላይ አይቀመጡ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ 4 ጊጋው