ፕሮጄስትሮን ፂም አያጠፋም
እህቴ፣ «ፂምና ብጉር ካስቸገረሽ ፕሮጄስትሮን ብቻ ውሰጂ፣ የወንድ ሆርሞኑን ያወርደዋል» ያልሽው ልክ አይደለም። እዚህ ሐዋሳም ከጓደኛ ሰምተው ፋርማሲ የሚሮጡ ሴቶች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፕሮጄስትሮን የሴት ሆርሞን ሲሆን፣ እንዲህ ላለ ችግር የሚታዘዘው በአብዛኛው የወር አበባ ለወራት ሲጠፋ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ተወስዶ ሲቆም ደም ይመጣል፣ የማህፀን ግድግዳም ከልክ በላይ እንዳይወፍር ይረዳል። ፂሙን ግን አይቀንስም። እንዲያውም እንደ ኖሬቲስቴሮንና ሌቮኖርጄስትሬል ያሉት ሰው ሠራሽ ዓይነቶች ትንሽ የወንድ ሆርሞን ጠባይ ስላላቸው አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ሊያባብሱ ይችላሉ። ለፂሙ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ኢስትሮጅን የተባለው ሌላ የሴት ሆርሞንም ያለበት ጥምር የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነው፤ ጉበት ቴስቶስቴሮንን (ዋናውን የወንድ ሆርሞን) የሚይዘውን ፕሮቲን አብዝቶ እንዲያመርት ስለሚያደርግ ፂም የሚያበቅለው ነፃ ሆርሞን ይቀንሳል። ለውጡ 6 ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ደም ግፊት ወይም ማይግሬን ካለብሽ ግን ሳትጀምሪ ለሐኪም ንገሪ።