ለጢስ ተሳላሚዎች የቀረበ ምስጋና

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። የማመሰግነው ሥጋ ፍለጋ በአውሮፕላን የሚሳፈረውን ሰው ነው። ፈቃድ ወስዶ፣ ሆቴል ከስድስት ወር በፊት ይዞ፣ መኪና ተከራይቶ፣ የባርቤኪው (በጢስ ቀስ ብሎ የሚበስል ሥጋ) ውድድር ሜዳ ላይ ሲንከራተት ውሎ፣ ጦሙን የሚመለሰውን ጀግና።

ጦሙን ስል አላጋነንኩም። የአሜሪካ ትልልቅ የባርቤኪው ውድድሮች አንድ ደስ የሚል ጠባይ አላቸው፤ ሥጋው የተመልካቹ አይደለም። በብዙዎቹ ዘንድ የጤና ደንቡ ተወዳዳሪዎች ለአላፊ አግዳሚው እንዳያቀምሱ ይከለክላል። ድንኳኖቹም የሚከፈቱት ለተጋበዘ ሰው ነው። ያንተ ድርሻ ሽታው ነው። ሽታ ደግሞ አያወፍርም፣ ደም ግፊት አያስነሳም፣ ጥርስ ውስጥ አይሰካም። ለእንግዳው ጤና እንዲህ የሚጨነቅ ድግስ ከየት ይገኛል?

ምርጫውም ሰፊ ነው። ሂዩስተን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና አላት። ሜምፊስም ከ1978 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና አላት። ካንሳስ ሲቲም በ1980 ከጀመረችው ውድድር ስም «ዓለም» የሚለውን ቃል አላስቀረችም። ሊንችበርግ የምትባል የቴኔሲ ትንሽ ከተማም በ1989 በጃክ ዳንኤል ውስኪ ስም የራሷን የዓለም ሻምፒዮና ከፈተች። ዓለም አንድ ናት፤ አሸናፊዋ ግን በየከተማው ነው። ቅር የሚለው ሰው አይኖርም።

ሊንችበርግን በተለይ እወዳታለሁ። ያ ሁሉ ውስኪ የሚመረትባት ወረዳ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመጠጥ ሽያጭ በሕግ የታገደባት ናት። ውስኪ በሚሠራበት አገር ውስኪ እንደ ልብ አይሸጥም፤ ሥጋ በሚጠበስበት ሜዳ ሥጋ እንደ ልብ አይበላም። አቋም ማለት ይሄ ነው።

እኔም አንድ ወዳጄ ጎትቶኝ ሄጃለሁ። የውድድሩን ስም ልተወው። ማልደን ስንደርስ ሰዎቹ ፍርምባ ሲጠብቁ አድረዋል። ፍርምባ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጢስ ውስጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀመጣል። መሀል ላይ፣ ውስጡ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ቀጥ ይላል። ሥጋው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ያቀዘቅዘዋል፤ እሳቱ የሰጠውን ላቡ ይወስድበታል። ሰዓታት እንዲህ ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ቢራ መጠጣት ነው። ይህን ከባድ ሥራ ቆመን አየን። ወዳጄ በስልኩ የተዘጋ ምድጃ አሥራ አራት ጊዜ ፎቶ አነሳ።

ዶሮው ግን ልቤን ነካው። አንድ ጎልማሳ ከአጥሩ ወዲያ የዶሮ ጭን ቆዳ ገፎ፣ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ፣ በቢላ ጫፍ ከውስጥ በኩል ስቡን ይፍቃል። ቀስ ብሎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ፍቆ ሲጨርስ ቆዳውን መልሶ ለዶሮው አለበሰው። ዳኛ ሲነክሰው ቆዳው ሙሉውን ተገፎ እንዳይመጣ ነው አሉ። ከዚያ ሁሉም ጭኖች እኩል እስኪሆኑ ከረከማቸው። እናቱ እንኳ ፀጉሩን እንዲህ ተጠንቅቃ ያስተካከለችለት አይመስለኝም።

ዳኝነቱም ቀልድ የለውም። የካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ማኅበርን ደንብ በሚከተሉት ውድድሮች ዳኛው ቀኝ እጁን አንስቶ ይምላል። መሐላው ውስጥ እውነት፣ ፍትሕ፣ የባርቤኪው ልህቀትና የአሜሪካ አኗኗር አሉበት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ዳኞች ይቀመጣሉ። መልኩን፣ ጣዕሙንና ልስላሴውን እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ። ሥጋው የማን እንደሆነ አያውቁም። ሥጋው ለዳኞች በሚቀርብበት ሳጥን ውስጥ የሚነጠፈው ቅጠል ሳይቀር ሕግ አለው፤ ጫፉ ቀይ የሆነ ሰላጣ ወንጀል ነው። አገርም እንዲህ ቢዳኝ ብዬ ነበር፣ ተውኩት።

6 ሰዓት ሲሆን ዶሮ፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ጎድን፣ የአሳማ ሥጋና ፍርምባ ይቀርባሉ። አምስት ደቂቃ መቅደም፣ አምስት ደቂቃ መዘግየት ይፈቀዳል። ከዚያ ካለፈ የሌሊቱ ድካም ገደል ገባ። ሳጥን የያዘው ሰውዬ ሲመጣ ታቦት የወጣ ይመስል ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ፀጥ አለ። ወዳጄ ኮፍያውን አወለቀ፤ እውነቴን ነው። ሳጥኑ በፊታችን አለፈ። የፎም ሳጥን ነው፣ ክዳኑም ዝግ ነው። «አየኸው?» አለኝ። አየሁት።

ምሳችንን ከሜዳው ዳር ካለ ጋሪ የተቀቀለ ሆትዶግ ገዝተን በላን። ወዳጄ ፊቱን ወደ ጢሱ አዙሮ ነበር የሚጎርሰው።

አንዴ ሌክሲንግተንን ጠቁሜው ነበር። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ1984 ጀምሮ በየኦክቶበሩ ዋናውን መንገድ ዘግታ የአሳማ ትከሻ ከትፋ፣ ኮምጣጤና ካቻፕ ያለበት ስጎ አድርጋ ትሸጣለች። ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ፣ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ወዳጄ ፊቱን አጨማደደ። «እዚያ እኮ ማንም ይበላል» አለ።

ልክ ነው። የሚበላበት ቦታ መሄድ ምን ጀብዱ አለው?

ሰኞ ቢሮ ገባን። ጃኬቱን አላጠበውም፤ ወንበሩ ላይ ሰቀለው፣ ክፍሉ በሙሉ ሸተተ። ሰዎች ከበቡት። ስለ ፍርምባው ልስላሴ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። እንዴት ሲጎትቱት ብቻ እንደሚላቀቅ፣ ጥቁሩ ቅርፊት እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ። አንዷ ባልደረባችን ምራቋን ዋጠችና ወደ እኔ ዞራ «እውነት እንደዚያ ይጣፍጣል?» አለችኝ።

ምን ልበል። ለበረራው፣ ለሆቴሉና ለመኪናው የከፈልኩት ትዝ አለኝ።

«አፍሽ ላይ መኖሩን እንኳ አታውቂም» አልኳት።

ለመጪው ዓመት ሆቴል ይዘናል። ለሦስት ሰው።