ከመስኮቴ ሥር የቆሙት ሦስት ዛፎች

ባለፈው ወር በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጉዳዩ የመኪና ማቆሚያ ነው። በሁለቱ ብሎኮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ንጣፍ ድንጋይ ይልበስ፣ እዚያ የቆሙት ሦስት ዛፎችም ይቆረጡ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያመጡት ጎረቤቴ ለግቢው የሚቆረቆሩ፣ ውኃ ሲጠፋም ሆነ መብራት ሲቋረጥ ቀድመው የሚሯሯጡ ሰው ናቸው። መኪናቸውን ቦታ አጥተው ከአጥር ውጭ ሲያሳድሩ ሁለት ጊዜ ስርቆት ደርሶባቸዋል። "ዛፍ ጌጥ ነው፤ መኪና ግን የልጆቼ እንጀራ ነው" አሉ። ብዙው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። እኔ የምመልሰው ጠፋኝ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏልና ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ዛፎቹ ሁለት ግራቪሊያና አንድ ወይራ ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቻቸውን ፀሐይ ሊያሞቁ የሚወርዱ እናቶች፣ ፀሐዩ በርታ ሲል ወደ ግራቪሊያዎቹ ጥላ ፈቀቅ ይላሉ። ቀትር ላይ የግቢው ጥበቃ ምሳ ዕቃቸውን የሚፈቱት እዚያ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ከሥራቸው ብይ ይጫወታሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት ይወርዳሉ። እኚህ እናት መሀል ከተማ የነበረው ሰፈራቸው ሲፈርስ ወደዚህ የመጡ ናቸው። በድሮ ግቢያቸው አንድ የኮክ ዛፍ፣ አጥሩን ተከትሎም ጌሾ ነበራቸው። አሁን ያላቸው በረንዳ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከሉት ጤና አዳምና በሶብላ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ቢሆንም በአንድ እጅ ከዘራ፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በየፎቁ እያረፉ ይወርዱና ጀርባቸውን ለወይራው ሰጥተው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ እላይ ስቀመጥ ሐሳቤ ነው የሚያወራኝ። እዚህ ስወርድ ዝም ይልልኛል" አሉኝ።

ይህን ንግግራቸውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ምክንያቱም ተመራማሪዎች በብዙ ድካም የደረሱበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለ90 ደቂቃ በእግር አስጓዙ። ከፊሎቹ ዛፍና ሣር ባለበት ሥፍራ፣ ከፊሎቹ መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር ሄዱ። ከዛፎቹ መካከል የተመለሱት ሰዎች በራሳቸው ላይ ክፉ ክፉውን ማብሰልሰላቸው ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ ዓይነቱ ማብሰልሰል ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም ረገብ ብሎ በምርመራ ታየ። በጎዳናው ዳር የሄዱት ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። እኚያ እናት ያለ ምንም መሣሪያ የነገሩኝ ይህንኑ ነው።

ከዚያም በፊት የታወቀ ጥናት አለ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ነው። በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አገላብጦ አነጻጸረ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች የሚያሳይ ነበር፤ የሌሎቹ መስኮት የሚያሳየው የጡብ ግድግዳ ነበር። ዛፍ እያዩ የተኙት ቶሎ አገግመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ የወሰዱት ጠንካራ የህመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ጥናቱ ያነጻጸረው ቅጠል መዳሰስን ወይም አየር ለመቀበል መውጣትን አይደለም። ልዩነቱ ዓይናቸው የሚያርፍበት ነገር ነበር።

እኔ ራሴ ሆስፒታል አስታማሚ ሆኜ የከረምኩበት ጊዜ ነበር። የአባቴ አልጋ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ፣ መስኮቱም በቀለም የተደፈነ ነበር። ቀንና ሌሊቱ ይምታታባቸው ነበር። በአሥረኛው ቀን ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩና በመስኮቱ በኩል አንድ ያረጀ ጽድ ታያቸው። "ዝናብ መጣ መሰለኝ፣ ቅርንጫፉ ይወዛወዛል" አሉ። ከገቡ ጀምሮ ስለ ሕመማቸው ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጽዱ አዳናቸው አልልም፤ ያዳኗቸው ሐኪሞቹ ናቸው። ግን ያ ዛፍ ከሕመማቸው ወጣ ብለው የሚያዩት ነገር ሰጣቸው፤ ለታመመ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥናት ሁሉ እኩል ጉልበት እንደሌለው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣና ወደ 20,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ ነዋሪዎችን የዳሰሰ ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ጥሩ ነው፣ ኑሯችንም ደስ ይለናል የማለታቸው ዕድል ሰፊ መሆኑን አሳይቷል። ሰዓቱን በአንድ ቀን ይጨርሱት ወይም በየቀኑ ይከፋፍሉት ለውጥ አላመጣም። እዚህ ላይ ጤነኛው ሰው ነው ወትሮም የሚወጣው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ውኃ ያነሣል። እኔን የሚገርመኝ የሰዓቱ ማነስ ነው። ሁለት ሰዓት ብዙዎቻችን በሳምንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከምናጠፋው ያነሰ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ አእምሮው ተወጥሮ ነው የሚውለው። መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ ማየት፣ ኪሱን መጠበቅ፣ የረዳቱን ጥሪ ከጥሩምባው ለይቶ መስማት፣ የስልኩን ጩኸት መመለስ አለበት። እያንዳንዱ ነገር "እኔን ተመልከት" ይለዋል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እንደ ጡንቻ ይደክማል። የደከመ አእምሮ ደግሞ ቤት ሲገባ በትንሽ ነገር ልጅ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። ቅጠል ሲወዛወዝ ወይም ዋኖስ ስታጉረመርም ግን ከሰው ምንም አይፈልጉም። ዓይን ያያቸዋል፣ ጆሮ ይሰማቸዋል፣ አእምሮ ያርፋል።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ገጠር የተጓዘ ሰው፣ ሜዳው ሁሉ ታርሶ ሳለ ዘለላ ዘለላ ደን ሲያይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን በሩቅ ያውቃል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ዋንዛው በቅጥሩ ውስጥ ተጠብቆ ኖሯል። የአያቴ ደብር እንዲህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወዲያው ወደ ቤቱ አይሮጥም፤ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ የሞተበትን ያጽናናል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። በእነዚህ ደኖች ላይ ያጠኑት የሥነ ምኅዳር ባለሙያው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከገበሬዎች ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባባቸው የድንጋይ አጥር እንዲታጠርላቸው የደከሙት ዋጋቸውን ስላወቁ ነው። በኦሮሞም ዘንድ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። ሽማግሌ ክፉ ነገር ለማብረድ ዋርካ ሥር የሚቀመጠው ለጥላው ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ድምፁም ዝቅ ይላል።

ወደ ከተማ ስንመጣም ሙሉ በሙሉ አልተውነውም። ቡና ስናፈላ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። በመስከረም አደይ አበባ ቤት እናስገባለን። ቀዳም ስዑር ዕለት ካህናት ቄጠማ ሲያድሉ በራሳችን ላይ እናስራለን። ስንፈልገው የኖርነውን ነገር በየበዓሉ በእፍኝ እያመጣን፣ ግቢያችን የቆመውን ግን ጌጥ ነው ብለን ልንቆርጠው ተነሣን። ባለፈው ክረምት እኛው ነዋሪዎች በአውቶቡስ ተጭነን ከከተማ ውጭ ችግኝ ተክለን ተመልሰናል። የተከልናቸው ወይራ ከጉልበት አይበልጡም። በራችን ላይ ያለው ግን ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል።

እንጦጦ ፓርክ አለ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፣ ሰው ከፈለገ እዚያ ይሂድ የሚሉኝ አሉ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ እሑድ ጠዋት እንጦጦ ላይ የሚተነፈሰውን አየር ለማንም እመክራለሁ። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት እንጦጦ አይወጡም። የጥበቃ ሠራተኛው በምሳ ሰዓታቸው ጉለሌ ደርሰው አይመለሱም። ገንዘብ ያለው ሰው ሲደክመው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያድራል፤ ሌላው ያለው የሰፈሩ ጥላ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የኑሮ ውድነቱ ሳያንስ ስለ ዛፍ ይወራል ወይ ሲባል የሚያመኝ። በነጻ የሚገኝ ዕረፍት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ኑሮ ለከበደው ሰው ነው። በየመንገዱ ዳር የሚነጠፈው "አትርገጡ" የተባለ ሣርም ይህን አይተካም። ሰው ሊቀመጥበት፣ ሊያስጠልለው፣ ልጁ ሊንጠለጠልበት የሚችል ነገር ያስፈልጋል።

ይቺ ከተማ ለዛፍ ባለዕዳ መሆኗም መረሳት የለበትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መናገሻው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ከተማ ሊዛወር ታስቦ ነበር። አዲስ አበባ በቦታዋ እንድትጸና ካደረጓት ነገሮች አንዱ ከውጭ መጥቶ በፍጥነት ያደገው ባሕር ዛፍ ነው።

ለጎረቤቴ የመኪና ችግር ጀርባዬን አልሰጠሁም። ከኋላኛው አጥር ጋር ያለው፣ የተሰበረ ዕቃና የግንባታ ትርፍራፊ የተከማቸበት ቦታ ቢጸዳ ስድስት መኪና ያቆማል፤ በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ። የንጣፉ ድንጋይም ቢሆን የዛፎቹን ሥር ዙሪያ ትቶ ሊነጠፍ ይችላል፤ ውኃም ይሰርጋል፣ ዛፉም ይተነፍሳል። ለጽዳቱ የሚወጣውን ወጪ ለመካፈል ስሜን አስቀድሜ ጽፌያለሁ፤ እስከ ትናንት ድረስ አሥራ አንድ ሰዎች ከእኔ በታች ፈርመዋል።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። አዳራሽ ስለሌለን ወንበር ይዘን የምንቀመጠው እዚያው፣ ከወይራው ሥር ነው። የአራተኛ ፎቋ እናትም እንደሚገኙ ነግረውኛል፤ በሰዓቱ ለመድረስ በስድስት ሰዓት ተኩል መውረድ እንደሚጀምሩ ስለነገሩኝ፣ እጃቸውን ይዤ አብሬ እወርዳለሁ።