ትንሽ ጨምርበት

ዛሬ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ከአንድ የቆየ ወዳጄ አጭር መልእክት ደረሰኝ። «የገዛኸውን ባንጆ በፎቶ አየሁት፤ እንኳን ደስ ያለህ። ክፉ አይደለም፤ ግን ትንሽ ጨምረህበት ቢሆን ኖሮ…» ይላል። ከ«ኖሮ» ቀጥሎ ሦስት ነጥቦች ተደርድረዋል። ወዳጄ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የተወው ቃል አጥሮት አይደለም፤ እነዚያን ሦስት ነጥቦች ቀኑን ሙሉ እያላመጥሁ እንድውል ፈልጎ ነው፤ እንደ ፈለገውም ሆኖለታል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነበር። እኔ የፈለግሁት ማታ ከሥራ በኋላ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ፣ ማንም ሳያጨበጭብልኝ፣ ማንም ሳያርመኝ፣ ጣቶቼን የማፍታታበት አንድ ርካሽ ባንጆ ነው፤ ባንጆ ማለት ክቡ አካሉ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረበት፣ እንደ ጊታር አንገትና ክር ያለው መሣሪያ ነው። መድረክ ላይ የመውጣት ሐሳብ የለኝም፤ ብወጣም የሚያወርዱኝ ሰዎች እንደማይታጡ አውቃለሁ። ስለዚህ ያውቃሉ የተባሉ ሰዎችን በትሕትና ጠየቅሁ፦ «ቤት ውስጥ ለመነካካት የሚሆን ርካሽ ባንጆ የትኛው ነው?» በዚህ ጥያቄ ውስጥ «ርካሽ» ከሚለው ቃል የበለጠ ግልጽ ቃል የለም ብዬ አምን ነበር። ከጠየቅኋቸው ሰዎች ግን ያን ቃል የሰማ አንድም አልተገኘም።

የመጀመሪያው መካሪዬ «ቶን ሪንግ የሌለው ባንጆ ባንጆ አይደለም» አለኝ። ቶን ሪንግ ማለት በተወጠረው ቆዳ ሥር የሚቀመጥ የብረት ቀለበት ነው፤ ድምፁን ያጠራል፣ ያስረዝማል፤ ከባዱ ዓይነት ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ትንሽ ብጨምር ቀለበት ያለው እንደማገኝ አስረዳኝ። ሁለተኛው ቀለበቱን ካጸደቀ በኋላ፣ ድምፁን ከኋላ ተቀብሎ ወደ ፊት የሚመልሰው ሬዞኔተር የሚባለው የእንጨት ክዳን ከሌለ ቀለበቱ ብቻውን ምን ይረባል ብሎ ጠየቀኝ፤ ለዚህም ከእኔ የሚጠበቀው ትንሽ መጨመር ብቻ ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም ተቀብሎ በአንገቱ እንጨት ላይ ተከራከረ። አራተኛው «ለመሆኑ ምን ያህል ይዘሃል?» ብሎ ጀመረ፤ የነገርሁትን ሰምቶ ዝም አለ፤ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እንኳ እንዲያ ዝም አይልም። እነዚህን «ትንሽ»ዎች አንድ በአንድ ስደምራቸው ባንጆ የሚጫወትልኝ ሰው በወር ደመወዝ መቅጠር እንደምችል ተረዳሁ፤ ያውም ጣቴ ሳይላላጥ።

የሚያናድደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «ርካሽ እፈልጋለሁ» ሲል «አላውቅም፣ አስተምሩኝ፣ አድኑኝ» እንዳለ መቆጠሩ ነው። ሰው አንድን ነገር በመጠኑ የመውደድ መብት የለውም እንዴ? ዋና የሚወድ ሁሉ ባሕር ማቋረጥ አለበት? እኔ ከባንጆ ጋር ትዳር አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ሰላምታ ነው።

«አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ ባለቤቴ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳልጠቅሰው ከከለከለችኝ ቆይቷል። የዚህ ተረት ብልኀት ቀማኛውን አለመውቀሱ ነው። የነጠቀው ሰው ስም የለውም፣ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ጥፋቱ ሁሉ ጭብጦውን ላላ አድርጎ በያዘው ምስኪን ጣት ላይ ይወድቃል። ጀማሪ ሰው የሙዚቃ መሣሪያ ሲይዝ ካያችሁ ተረቱ ለማን እንደ ተተረተ ወዲያው ይገባችኋል። ባንጆ ደግሞ አያያዝን የሚያሳብቅ መሣሪያ ነው፤ ከባድ አንገት ያላቸው ባንጆዎች ማንገቻ ካላደረጉላቸው ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ ተጫዋቹም ግራ እጁን አንገቱን ደግፎ በመያዝ ይፈጀዋል። ይህን ጊዜ አጠገቡ ያለ አዋቂ እጁን ዘርግቶ «እስኪ ላንዳፍታ አቀብለኝ» ይላል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ይኸው የዛሬ ጠዋቱ ባለ ሦስት ነጥብ ወዳጄ ከዓመታት በፊት እቤቴ መጥቶ ጊታሬን «እስኪ ላንዳፍታ» ብሎ ተቀበለኝ። ቅኝቱ ወርዷል አለ። ከአርባ ደቂቃ በላይ ቃኘ፤ አንድም ዜማ አልተጫወተም፤ ጆሮውን ወደ መሣሪያው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየሳበ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። በመጨረሻ ቀጭኑ ክር ተበጠሰና ግንባሬን ለጥቂት ሳተኝ። እርሱም «ርካሽ ክር ስለ ገዛህ ነው፤ ትንሽ ብትጨምር ኖሮ አይበጠስም» አለኝ። ከዚያም ጊታሩን «በደንብ ላስተካክልልህ» ብሎ ይዞት ሄደ። የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ሲመለስም የተበጠሰው ክር እንደ ተበጠሰ ነበር። ሳስበው ወደ ባንጆ የመራኝ እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ስድስት ክር የነበረውን መሣሪያዬን በአምስት ክር ነው የመለሰልኝ።

ባንጆ ግን አምስተኛውን ክር ያገኘው በቅሚያ አይደለም፤ ቅሚያው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንዱ መካሪዬ፣ ቀለበቱን ያጸደቀው፣ ያን አምስተኛ ክር፣ በአውራ ጣት የሚመታውን አጭሩን ክር፣ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ባንጆን በአሜሪካ መድረኮች ላይ ያስተዋወቀው ጆኤል ስዊኒ ነው ብሎ በሙሉ ልብ ነገረኝ። ይህ አሮጌ ወሬ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የጆላ ሕዝብ የሚጫወተው አኮንቲንግ ከቅልና ከፍየል ቆዳ የተሠራ ሆኖ አጭር የአውራ ጣት ክር አለው። ሐንስ ስሎን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1687 ወደ ጃማይካ ሄዶ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ከቅል የሚሠሯቸውን ባለ ክር መሣሪያዎች አይቶ በ1707 በታተመ መጽሐፉ ሥዕላቸውን አስቀምጧል። ስዊኒ ከመወለዱ በፊት፣ በ1780ዎቹ መጨረሻ ገደማ በደቡብ ካሮላይና እንደ ተሳለ በሚታመን የውሃ ቀለም ሥዕል ላይም፣ አንድ ሰው ባለ አራት ክር የቅል ባንጆ ሲጫወት ይታያል፤ ከአራቱ ክሮች አንዱ አጭር ነው።

እንግዲህ ምንም የሌላቸው ሰዎች፣ የገዛ አካላቸው እንኳ የራሳቸው እንዳይሆን የተደረጉ ሰዎች፣ ከቅልና ከቆዳ የፈጠሩትን መሣሪያ ነጭ ተጫዋቾች ተቀብለው፣ ፊታቸውን በጥላሸት ቀብተው፣ የፈጠሩትን ሰዎች መልሰው እያሾፉባቸው መድረክ ላይ ሀብት አፈሩበት። በዚያ ላይ ፈጣሪው ሌላ ነው ተባለ። አያያዛቸውን አይተው ነው እንዳይባል አያያዛቸው እጅግ ጥሩ ነበር። ያ መሣሪያ ቶን ሪንግ አልነበረውም፤ ሬዞኔተር አልነበረውም፤ ጣት የት እንደሚጫን የሚያሳየው፣ በአንገቱ ላይ የሚጋደመው ቀጭን ብረት፣ ፍሬት እንኳ አልነበረውም፤ ፍሬት የተለመደው ከረጅም ጊዜ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ታዲያ ዛሬ አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ «ይህ ቀለበት ከሌለው ባንጆ አይደለም» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ለመካሪዬ ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገርሁት። አዳምጦ ሲያበቃ «እሱስ ልክ ነህ፤ ቢሆንም ትንሽ ብትጨምር» አለኝ።

በዚሁ ስለ ብሎኖቹም ልናገር። አንድ ሻጭ ባንጆ ሲያሳየኝ መጀመሪያ ያስቆጠረኝ በክቡ አካል ዙሪያ የተደረደሩትን ማጥበቂያዎች ነበር። «ሠላሳ!» አለኝ፤ የልጆቹን ብዛት የሚናገር አባት ይመስል ነበር። እኔም እንደ ሞኝ ዞሬ ቆጠርኋቸው፤ እውነትም ሠላሳ ናቸው። ማጥበቂያ ግን ሥራው አንድ ነው፤ ቆዳውን መወጠር። ብዛቱ ዜማ አይጨምርም፤ በጣም ርካሽ በሆኑ ባንጆዎች ላይም ሠላሳ ማጥበቂያ ማየት የተለመደ ነው። በአንጻሩ ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙት፣ ዲሪንግ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ጉድታይም ባንጆ፣ መሠረታዊው ዓይነት፣ 16 ብቻ አለው፤ ቶን ሪንግም የለውም፤ ደግሞም ያምራል። ሻጩ ሠላሳውን ብሎን ሲያስቆጥረኝ ያላሳየኝ ነገር ቢኖር የአንገቱን መጣመም ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ!

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፤ ማንም ስላልመለሰልኝ ራሴ እመልሰዋለሁ። ለቤት የሚሆነው ጀርባው ክፍት የሆነው ባለ አምስት ክር ባንጆ ነው። ቀላል ነው፣ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ የክዳን ዋጋም አይከፈልበትም። ሬዞኔተር የሚያስፈልገው ከቫዮሊንና ከማንዶሊን መካከል ድምፁን አሾልኮ ማሰማት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ የቢል ሞንሮን የሙዚቃ ቡድን ተቀላቅሎ በሦስት ጣት አጨዋወቱ ዓለምን ያስደመመው አሜሪካዊው ባንጆ ተጫዋች ኧርል ስክራግስ ያስፈልገዋል። እኔ የምወዳደረው ከማቀዝቀዣው ድምፅ ጋር ነው። ቴነር የሚባለው ባለ አራት ክሩ ባንጆ ሌላ ቅኝትና ሌላ ጠባይ አለው፤ ባለ ስድስት ክሩ ደግሞ ባንጆ የለበሰ ጊታር ነው፤ ጊታር ለሚችል ሰው አቋራጭ ነው፣ በእኔ ቤት ግን ስድስተኛ ክር የሚያመጣውን መዘዝ ተናግሬአለሁ።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሊጨመርበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይህን ስጽፍ ወዳጄ እንዳያነበው እጸልያለሁ። እርሱም የአምስተኛው ክር መቃኛ ነው። ይህ መቃኛ ከሌሎቹ ጋር አናት ላይ አይቀመጥም፤ አንገቱ ጎን ላይ፣ አምስተኛው ፍሬት አጠገብ ለብቻው ይበቅላል። በርካሾቹ ላይ ጥርስ የሌለው፣ በመፋተግ ብቻ የሚይዝ ሊሆን ይችላል፤ ጸጉር ታህል ስትነኩት ቅኝቱ አንድ ድምፅ ሙሉ ይዘላል። ባለ ጥርሱ ግን ቀስ ብሎ ይታዘዛል። ከዚህ ሌላ በአንገቱ ርዝመት ዓይንን አጋድሞ ማየትና ቀጥ ማለቱን ማረጋገጥ፣ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚንጫጫ መኖሩን ማዳመጥ ይበቃል። አምስቱ ክሮች በተለመደው ቅኝት ከተቃኙ በኋላ ግራ እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ ቢመቷቸው እንኳ የጂ ሜጀር ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚስማሙ ድምፆች፣ ይሰጣሉ፤ ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ደግነት ያሳየ መሣሪያ አላውቅም።

የእኔው ባንጆ ሲመጣ ቆዳው ላልቶ፣ ብሪጁ፣ ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚደግፈው ትንሽ እንጨት፣ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ታሽጎ ነበር። ተሰብሮ የመጣ መስሎኝ ልመልሰው ካርቶኑን ዳግመኛ አሸግሁት። ለካ የባንጆ ብሪጅ አይጣበቅም፤ በቆዳው ላይ ቆሞ የሚኖረው በክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ማጥበቂያዎቹን በትንሽ በትንሹ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ እያልሁ ዞርሁ፤ ብሪጁን አቆምሁ፤ ክሩን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስጫነው የሚሰጠው ድምፅ እዚያው ላይ ሳልጫን በስሱ ነክቼ ከማገኘው ድምፅ ከፍ ሲል ብሪጁን በወረቀት ውፍረት ያህል ከአንገቱ አራቅሁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባንጆው ዘፈነ። እኔም ዘፈንሁ። ባለቤቴ በሩን ዘጋች።

ጀርባው ክፍት ባንጆ ለስለስ ይላል ያልሁት ከሌላ ባንጆ ጋር ሲወዳደር እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መፍትሔው ከመግዣው ይልቅ ርካሽ ሆነ፤ ከቆዳው ጀርባና በውስጡ ከሚያልፈው ዘንግ መካከል ጨርቅ ወትፎ ማፈን ነው። እኔ አጠገቤ ያገኘሁት ካልሲ ነበር። ግራጫ ነው፣ ጥንዱ የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ ባንጆዬ ላይ ግን ልኩን አገኘ፤ ቤቱም ሰላም ሆነ።

የወዳጄን መልእክት አሁንም አልመለስሁለትም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቻለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ መልእክት ልኳል፤ ማታ ብቅ ብሎ «እስኪ ላንዳፍታ» ሊያየው ነው። ይምጣ። ካልሲውን አውጥቼ እጠብቀዋለሁ።